ከበሮው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ

በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ከፈረሶቹ እኩል የሚማርከው ጭፈራው ነው። ያው ጨዋታ ተቀናብሮ ስልክ ላይ ሲደመጥ ግን ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ከበሮውን የመታው እጅ ሳይሆን ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ወይም ኩቤዝ የተባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ነው። ምቱ አልተሳሳተም፤ ሰውነትን ግን አያነሣም።

ጥፋቱ ያለው ኳንታይዝ የሚባለው ትእዛዝ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ምት ወደ ቅርቡ መስመር ጎትቶ ያሰልፈዋል። ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት ግን ረጅምና አጭር እየተፈራረቀ የሚሄድ ነው፤ መቺው አጭሩን ምት፣ ምቱ ሦስት ቦታ ሲከፈል በሚገኘው ሦስተኛው እርከን ላይ ሁልጊዜ ልክ አያሳርፈውም። ትንሽ ያዘገየዋል ወይም ያስቀድመዋል፣ ጭፈራውም የሚሞቀው በዚያች ትንሽ ክፍተት ነው።

አሜሪካዊው ሮጀር ሊን ይህን ቀድሞ ተረድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ኤልኤም-1 በተባለው የከበሮ ማሽን ላይ ከኳንታይዝ ጋር ስዊንግ የሚባል ማስተካከያ ጨመረ። 50 ሲሆን ምቱ ቀጥ ይላል፤ 66 አካባቢ ሲደርስ ሦስት ቦታ የተከፈለ ምት ይመስላል። ለችክችካ መነሻ የሚሆነው ይኸኛው ነው። ከመነሻ ግን አያልፍም።

ብዙ ጀማሪ ቀጥሎ የሚጫነው ሂውማናይዝ የሚለውን ቁልፍ ነው፤ ምቶቹን በዘፈቀደ ይበታትናቸዋል። እዚህ ላይ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ጎቲንገን ያሉ ተመራማሪዎች የአንድ ጋናዊ ከበሮ መቺን ምት ለክተው፣ መዛነፉ ዘፈቀደ እንዳልሆነ፣ የአሁኑ ምት ከብዙ ምት በፊት ከነበረው ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ሰው ሲዘገይም በራሱ ሥርዓት ነው የሚዘገየው።

ስለዚህ ሥርዓቱን ከሰው መውሰድ ይሻላል። ዳንግላ ወይም እንጅባራ ያለ አቀናባሪ አንድ ጥሩ ከበሮ መቺ ስቱዲዮ ጠርቶ ሁለት ደቂቃ ቢቀዳ፣ ኤብልተን ላይቭ የተባለው ሶፍትዌር ከቅጂው ግሩቩን፣ ማለትም የመቺውን የአመታት አካሄድ፣ አውጥቶ በተደረደረው ምት ላይ ያሳርፍለታል። መጠኑንም በፐርሰንት መወሰን ይችላል። ቬሎሲቲ የሚባለው የምቱ ጥንካሬም አብሮ ይስተካከል፤ ከ1 እስከ 127 ባለው መለኪያ ሁሉም ምት 100 ላይ ከቆመ ጠንካራውና ለስላሳው አይለይም። ጭብጨባው ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ሠላሳ ሰው ሲያጨበጭብ እጆቹ በአንድ ቅጽበት አይገናኙም፤ አንድ የጭብጨባ ድምፅ እየደጋገሙ መለጠፍ ያን ሁሉ ሰው ያጠፋዋል። የተለያዩ ሰዎችን ጭብጨባ ለየብቻ ቀድቶ፣ በጥቂት ሚሊሰከንድ አለያይቶ መደራረብ ያስፈልጋል። ጭፈራው እየጋለ ሲሄድ ፍጥነቱ እንደሚጨምር የማያውቅ የለም፤ ሶፍትዌሩ ግን ካልታዘዘ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ፍጥነት ይዞ ይቀራል።

ሁሉም ድምፅ ግን መዛነፍ የለበትም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በሠራው ካሴት ላይ የከበሮ ማሽኑ ምንም ሳያዛንፍ ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ግን ከላዩ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም በአድናቆት ሰማው። ማሽኑን ማለስለስ ያልቻለ አቀናባሪ ቢያንስ ማሲንቆውን ወይም ድምፃዊውን ኳንታይዝ ሳያደርግ ይተወው።