አፍንጫ ተሠርቶ ፎንቆ መግባት

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ። አዎ፣ አፍንጫዬን አዲስ አበባ ተሠርቻለሁ። ጄሶው እስኪነሳ አክስቴ ዘንድ ቆየሁ፤ ከዚያ ያገገምኩት እዚሁ ፎንቆ፣ እናቴ ቤት ነው። ያሠራሁትም ለመልኬ ነው። ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም፣ እናንተም እንዳትደብቁ እለምናችኋለሁ።

የማውቃት አንዲት ልጅ ደብቃ ነበር። ቤተሰቧን «ከባጃጅ ወደቅኩ» አለቻቸው። ሌሊት ደም ሲፈሳት እናትየው የምታውቀውን አደረገች፤ ለጋ ቅቤ በጥጥ አድርጋ አፍንጫዋ ውስጥ ልትከት ተነሳች። ጤና ተቋም ስትደርስም የነገረቻቸው ያንኑ የመውደቅ ታሪክ ስለነበር፣ አጥንቱ ተሰብሮ በቅርቡ የተስተካከለ መሆኑን ማንም አላወቀም። ደግነቱ ደሙ በራሱ ቆመ። የሚያስታምማችሁ ሰው ምን እንደተሠራችሁ ካላወቀ ግን በቅን ልብ ሊጎዳችሁ ይችላል። ቢያንስ ለአንድ የቤት ሰው እውነቱን ንገሩ። ባለሙያ ፊት ስትቀርቡ ደግሞ ምንም አታስቀሩ።

«እግዚአብሔር የሰጠሽን ለምን ትቀይሪያለሽ?» ያሉኝ የቤተ ክርስቲያን እናቶች አሉ። ወድደውኝ ነው የሚናገሩት፤ አክብሬ ሰምቻቸዋለሁ፣ ጸልየውልኛልም። ለመልክ መሠራት ግን ከንቱነት ብቻ አይደለም፤ በ1898 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በርሊን ውስጥ ዣክ ዮሴፍ የሚባል ሐኪም በአፍንጫው ትልቅነት አፍሮ ሰው መሀል መውጣት ያቆመን ሰው ቀዶ ጥገና አድርጎለት ነበር። ሐኪሙ ለሙያ ባልደረቦቹ ያስረዳቸው የሰውዬው የልብ ሐዘን ራሱ ሊታከም የሚገባው መሆኑን ነው። እኛ አገር ፕላስቲክ ሰርጀሪ ሲባል ቀድሞ የሚታወቀው እንደ የካቲት 12 ሆስፒታል ባሉ ቦታዎች ለተቃጠሉና ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ለተወለዱ ሰዎች የሚሰጠው ሕክምና ነው። እሱ ይቀድማል፣ ክርክር የለኝም። የኔን ግን ማንም እንደ ኃጢአት እንዲቆጥረው አልፈልግም።

ወደ ቤቱ ነገር ልግባ። የመጀመሪያው ጠላት ጭስ ነው። እንጨት የሚነድበት ማድ ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ የአፍንጫ ውስጠኛው ቆዳ ገና ቁስል ስለሆነ ጭስ ያደርቀዋል፣ ያስነጥሳልም። እናቴ ቡናውን ደጅ ማፍላት ጀመረች፣ ዕጣኑን ጭራሽ ተወችው። በርበሬ የሚቆላ ቀን ጎረቤት ተልኬ ነው የዋልኩት። ማስነጠስ ከመጣ አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ነው እንጂ ማፈን የለም። መናፈጥም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ክልክል ነው። የደረቀውን የሚያለሰልሰው የጨው ውሃ ነው፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ያውም ሐኪሙ ጀምሪ ካለ በኋላ።

ሁለተኛው ሰላምታችን ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳም አለ፣ አንዷ ግንባሯ ቢነካው አለቀ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ከርቀት ሰላም ማለት ለመድኩ፤ እናቴም በሩ ላይ «አፍንጫዋ ታሟል፣ አትሳሟት» እያለች ታስገባለች። ሕፃን ማቀፍም እንዲሁ፤ ሕፃን ጭንቅላቱን ድንገት ይወረውራል። አጥንቱ እስኪጠነክር ስድስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ ጀሪካን ማንሳት፣ ጎንበስ ብሎ መሥራትና መነጽር አፍንጫ ላይ ማሳረፍ እስከዚያ ይቆያል። ልብስም ከፊት የሚቆለፍ ይሁን።

በምግብ ፎንቆ ዕድለኛ ናት። ላይኛውን ከንፈር የሚያደክም ነገር፣ ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ጠንካራ ቆጮ፣ ለጊዜው ይቅር። የቡላ ገንፎ ለብ ብሎ ማኘክ ሳያስፈልገው ይወርዳል። አታካናም ሠርተውልኝ ነበር፤ ቡላው በቅቤና በወተት ለስልሶ፣ በቀንድ ማንኪያ ቀስ እያልኩ። ለሕመም ያዘዙላችሁን ብቻ ውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም የማፍሰስ ጠባይ ስላላቸው ሳትጠይቁ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትዋጡ።

መስታወቱን ደግሞ አትመኑት። የዓይን ሥር ጥቁረቱና እብጠቱ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ በሁለት ሳምንት አብዛኛው ይሄዳል። የአፍንጫ ጫፍ ግን እስኪረጋ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ የጫፉ ቆዳ ወፍራም የሆነ ሰው ደግሞ ከዚያም ይቆያል። ጠዋት ያብጣል፣ ማታ ይቀንሳል፣ አንዱ ወገን ከሌላው ይቀድማል። ስለዚህ በመስከረም ለያሆዴ በዓል ዘመድ ሲሰበሰብ አምሬ ልታይ ብላችሁ ነሐሴ ላይ አትሠሩ። ያን ጊዜ ፊታችሁ ገና ነው፤ ቤቱ ደግሞ እሳትና እንግዳ ይሞላበታል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ቀናት ሁለቱም ቀዳዳ ባንዴ ድፍን ብሎ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ሁለቱን ቀዳዳ በሚለየው ግድግዳ ሽፋን ሥር ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ያ ግድግዳ ለስላሳ አጥንት ነው፤ የራሱ የደም ሥር የለውም፣ የሚመገበው ከሽፋኑ ነው። ደሙ ሽፋኑን ሲገነጥለው በጥቂት ቀናት ይሞታል፣ አፍንጫውም መሀሉ ይሰምጣል። በጊዜ ከተደረሰበት ሐኪም ደሙን አውጥቶ ያድነዋል። ትኩሳት፣ መግል፣ የማይቆም ደም፣ ከራስ ምታት ጋር እንደ ውሃ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ፣ የዓይን ብዥታ፣ እነዚህም «እስኪ ይንጋ» የሚባሉ አይደሉም። ደም ከመጣ ቁጭ ብላችሁ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፤ ወደ ኋላ ከተንጋለላችሁ ትውጡታላችሁ።

ለእኛ ቅርቡ ትልቅ ሆስፒታል ሆሳዕና ያለው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ የሠራችሁን ሐኪም ስልክና የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ያዙ። ፎንቆ ላይ ደግሞ ሌሊት ቢደወልለት የሚነሳ መኪና ያለው ሰው ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ስልኩ እናንተ ጋ ብቻ ሳይሆን እናታችሁም ጋ ይኑር።