አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ሥራና ኑሮ፦ ለምትጠይቁኝ ሁሉ

በዲቪ አሜሪካ ገብተው ባህር ኃይል ለመቀላቀል የሚያስቡ ልጆች በውስጥ መስመር ብዙ ይጽፉልኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዜግነት፣ ስለ ትምህርት ዕድል ነው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። ሥራውና ኑሮው ራሱ ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔ ያገለገልኩት ኒሚትዝ ከሚባለው ዓይነት መርከብ በአንዱ ላይ፣ አውሮፕላን በሚያሳርፈው ክፍል ስለሆነ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

መርከቡ

የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው መርከብ ሥራ የጀመረው በ1975 ነው። ርዝመቱ 333 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 100 ሺህ ቶን ይጠጋል። የሚንቀሳቀሰው በሁለት የኑክሌር ማብላያዎች ነው፤ ነዳጃቸው የሚቀየረው በመርከቡ የ50 ዓመት ዕድሜ አጋማሽ ላይ አንዴ ብቻ ነው። አውሮፕላኖቹ ግን ነዳጅ ይጠጣሉ፣ ሰውም ይበላል። ስለዚህ የስንቅ መርከብ በየጊዜው ጎን ለጎን እየሄደ፣ ሁለቱም ሳይቆሙ፣ በቱቦ ነዳጅ፣ በገመድ ደግሞ ምግብና ዕቃ ያቀብላል።

የበረራ ክፍሎቹ ሲሳፈሩ ወደ 5 ሺህ ሰው ይሆናል። ፊልም ላይ የምታዩአቸው አብራሪዎች ከዚህ ውስጥ በጣም ጥቂት ናቸው። የቀረው ሕዝብ መካኒክ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢ፣ ጸጉር አስተካካይ፣ ነርስ፣ ጸሐፊ ነው። አብዛኛው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነው፤ ሃያም ያልሞላው ብዙ ነው።

ኑሮ

አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው መንገድ በማግኘት ነው። መተላለፊያው ሁሉ ይመሳሰላል፣ መሰላሉ ቀጥ ያለ ነው፣ የበሩ ደፍ ከፍ ስለሚል ያልለመደውን ቅልጥሙን ይለዋል። መፍትሔው ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነው። ለምሳሌ 3-120-2-ኤል ቢል፣ 3 ወለሉ ነው፤ አውሮፕላን የሚጠገንበት ሃንጋር አንደኛ ተብሎ ወደ ታች ይቆጠራል። 120 ከመርከቡ አፍንጫ ወደ ኋላ ምን ያህል እንደራቃችሁ ይነግራል። የሚቀጥለው ቁጥር ሙሉ ከሆነ በግራ፣ ጎዶሎ ከሆነ በቀኝ በኩል ናችሁ። ኤል ደግሞ መኖሪያ ክፍል ማለት ነው። ይህን የለመደ ሰው ጭስ በሞላበት ጨለማ ውስጥም የት እንዳለ አይጠፋበትም፤ የሚያስተምሩትም ለዚሁ ነው።

አልጋው ሦስት ተደራራቢ ነው። ፍራሹን ወደ ላይ ስታነሱት ከሥሩ ጥልቀት የሌለው ሣጥን አለ፤ ልብሳችሁና ንብረታችሁ እዚያ ውስጥ ይገባል። የግል የሚባል ቦታችሁ ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ሥራው በፈረቃ ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ የተኛ ሰው አለ፤ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መግባትና መውጣት ቶሎ ይለመዳል። የእኛ መኝታ ከበረራው ወለል ሥር ስለነበር አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ጣራው ይንቀጠቀጣል። ያም ይለመዳል። ውሃው ከባህር እየተጣራ የሚመጣ ስለሆነ በቁጠባ ነው፦ ትረጥባላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ ሳሙና ትቀባላችሁ፣ ከፍታችሁ ትለቃለቃላችሁ።

ለሌሊት ፈረቃ እኩለ ሌሊት ላይ ምግብ ይወጣል። ሁዳዴን ባህር ላይ የጾምኩት በሩዝ፣ በባቄላና በሰላጣ ነው፤ ለሚጾም ሰው ከባዱ ነገር ምግቡ ሳይሆን ረጅሙ የሥራ ሰዓት ነው። ጸሎት ቤትና የሃይማኖት መኮንን አለ። መርከቡ ላይ የእምነታችሁ ካህን ባይኖርም እንኳ ተፈቅዶለት ጸሎት የሚያስተባብር ምእመን ሊመደብ ይችላል።

አዲስ የመጣ ወጣት ከሙያው በፊት ለወራት ወጥ ቤት ተመድቦ ትሪ ሊያጥብ፣ ገበታ ሊያነሳ ይችላል። በዚህ ቅር አይበላችሁ። መርከቡን ከዳር እስከ ዳር የምታውቁትም፣ ሰው የምትተዋወቁትም ያኔ ነው።

የበረራው ወለል

በረራ ከመጀመሩ በፊት በመቶ የሚቆጠር ሰው ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ አንገቱን አቀርቅሮ፣ ወለሉን ከጫፍ ጫፍ በእግሩ ያስሳል። የሚለቀመው ብሎን፣ የሽቦ ቁራጭ፣ ጠጠር ነው። አንዲት ብሎን በጄት ሞተር ከተሳበች ሞተሩን ልታበላሽ፣ ሰውም ልታስገድል ትችላለች። መኮንንም ወታደርም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ነው።

ጩኸቱ ንግግር ስለማያሰማ ሰው የሚታወቀው በልብሱ ቀለም ነው። ቢጫ ለባሾች አውሮፕላን ይመራሉ፣ ሐምራዊ ለባሾች ነዳጅ ይሞላሉ፣ ቀይ ለባሾች ቦምብና ሚሳይል ይይዛሉ፣ ነጭ ለባሾች ደህንነትና ሕክምና ላይ ናቸው። እኛ አረንጓዴ ለባሾች ማስነሻውና ማቆሚያው ላይ ነን።

ማቆሚያውን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ወለሉ ላይ የተዘረጉት ወፋፍራም የብረት ገመዶች በብዙዎቹ መርከቦች አራት ናቸው። የአውሮፕላኑ የኋላ መንጠቆ ከአንዱ ጋር መያያዝ አለበት። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመጣው አውሮፕላን በመቶ ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢወስድ ነው። አብራሪው ወለሉን እንደነካ ሞተሩን የሚከፍተው እስከ መጨረሻው ነው፤ መንጠቆው ገመዱን ስቶ ከሆነ ወዲያው መልሶ መነሳት አለበትና።

ያንን ሁሉ ጉልበት የሚውጠው ከወለሉ ሥር ያለው ትልቅ የሃይድሮሊክ ሞተር ነው። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ቅባት ቅባት ይሸታል። ሞተሩ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ክብደት ይስተካከላል። ልኩ ካነሰ አውሮፕላኑ ሳይቆም በወለሉ ጫፍ ያልፋል፤ ከበዛ ገመዱ ወይም መንጠቆው ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ከላይ ያለው ሰው የሚመጣውን አውሮፕላን ዓይነት በሩቁ ለይቶ ይጠራል። ከታች የእያንዳንዱ ሞተር ኃላፊ ልኩን ያስተካክልና ያስተካከለውን መልሶ ይናገራል። ሁሉም መልሰው ሳይናገሩ፣ ወለሉም ነጻ ሳይሆን መብራቱ አረንጓዴ አይሆንም። «ሰምቻለሁ» ማለት አይበቃም፤ የሰማኸውን ትደግመዋለህ፣ ሌላ ሰው ያረጋግጠዋል። ማረፊያው በተከታታይ ሲሆን ይህ ሁሉ በየደቂቃው ይደገማል።

ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ሁለት ታሪክ ይበቃል። በ1967 ፎረስታል በተባለችው መርከብ ላይ ሮኬት በድንገት ተተኩሶ ነዳጅ የሞላ አውሮፕላን መታ፤ በተነሣው እሳትና ፍንዳታ 134 ሰው አለቀ። የሠለጠኑት እሳት አጥፊዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ፍንዳታዎች ስለሞቱ እሳቱን የተጋፈጡት ያልሠለጠኑት ነበሩ። ዛሬ ባህር ኃይል ውስጥ ምግብ አብሳዩም ጸሐፊውም እሳት ማጥፋት የሚማረው በዚህ ምክንያት ነው። በ2016 ደግሞ አይዘንሃወር ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ ገመዱ ተበጥሶ ስምንት ሰዎች ቆሰሉ። አውሮፕላኑ ወለሉን አልፎ ከወደቀ በኋላ አብራሪዎቹ ከባህሩ ሳይደርስ መልሰው አነሡት። ምርመራው ያገኘው በሞተሩ ጥገና ወቅት አንድ ወሳኝ ደረጃ መዘለሉን ነው።

የሥራው ክብደት እዚህ ላይ ነው። የማታውቁት አብራሪ ሕይወት የሃያ ዓመት ልጅ ባስተካከለው ቁጥር ላይ ይቆማል። እኔ በባህር ኃይል ቆይታዬ ከተማርኩት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው፦ ትንሹ ሰው አደጋ ካየ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ ሥራውን ማስቆም ይችላል፤ ማዕረጉ ምንም ቢሆን ይቆምለታል። ትልቅ ትንሽ ሳይባል ስህተትን መናገር የሚፈቀድበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ይጠነክራል ብዬ አምናለሁ።

ለምትገቡና ለቤተሰብ

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በተራ ወታደርነት መግባት ይችላል። ኑክሌርን ጨምሮ የምስጢር ፈቃድ የሚጠይቁ ሙያዎች ግን ዜግነት ይፈልጋሉ። ከመፈረማችሁ በፊት የተነገራችሁ ሙያ ውሉ ላይ መጻፉን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ በቃል የተባለው አይቆጠርም። እንግሊዝኛችሁንም ቀደም ብላችሁ አጠንክሩ፤ የመግቢያ ፈተናው ውጤት የሙያ ምርጫችሁን ይወስናልና።

ወላጆች፣ ስምሪት ስድስት ሰባት ወር ተብሎ ሊረዝም ይችላል። አይዘንሃወር በኦክቶበር 2023 ከኖርፎክ ወጥታ የተመለሰችው በጁላይ 2024 ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያሳለፈችው እዚሁ በእኛ ደጃፍ፣ በቀይ ባህርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነበር። መርከቡ የት እንዳለ እንዳይታወቅ ሲፈለግ ኢንተርኔት ለሁሉም ይዘጋል። ልጃችሁ ለቀናት ቢጠፋባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ተስማሙ፦ መስመሩ ሲዘጋ እሱ መጻፍ አይችልም፣ እናንተ ግን በየሳምንቱ ጻፉለት። መስመሩ ሲከፈት የሚያነበው ይኑረው።