የቀደምት የካንትሪና የተራራማ አካባቢ ሕዝባዊ ሙዚቃ ቅጂዎች፦ ትሩፋታቸውና የአጠቃቀም መብታቸው

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይም በአፓላችያ ተራሮች ዙሪያ፣ ሕዝባዊ ሙዚቃ ለረጅም ዘመን ከወላጅ ወደ ልጅ በቃል ሲተላለፍ ቆይቷል። በሸክላ መቀረጽ የጀመረው በ1920ዎቹ ነው (ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1922 ቫዮሊን ተጫዋቹ ኤክ ሮበርትሰን ኒውዮርክ ድረስ ተጉዞ ተቀረጸ። በቀጣዩ ዓመት ኦኬ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በአትላንታ የጆን ካርሰንን ዘፈን ቀረጸ። የቀረጻው ኃላፊ ራልፍ ፒር የካርሰንን አዘፋፈን አልወደደውም፤ ሆኖም የታተሙት 500 ቅጂዎች ወዲያው ተሸጠው አለቁ። የገጠሩ ሕዝብ የራሱን ድምፅ ለመስማት ገንዘብ እንደሚከፍል ለኩባንያዎቹ ግልጽ የሆነው ያኔ ነበር።

ከእነዚህ ቀረጻዎች ሁሉ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው በ1927 በብሪስቶል ከተማ የተከናወነው ነው። የቴነሲና የቨርጂኒያ ግዛቶች ወሰን በከተማዋ ዋና ጎዳና መካከል ያልፋል። ፒር በዚህ ጊዜ ለቪክተር ኩባንያ ይሠራ ነበር፤ በጎዳናው ቴነሲ በኩል በሚገኝ ሕንፃ የቀረጻ መሣሪያውን ተክሎ ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 5 ድረስ ከ19 ተጫዋቾችና ቡድኖች 76 ቅጂዎችን ሰበሰበ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለስላሳ ድምፅንም መያዝ በመቻሉ፣ ዘፋኙ ወደ ቀንድ መሰል መቀበያ መጮህ አላስፈለገውም። የካርተር ቤተሰብና ጂሚ ሮጀርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጹት በዚሁ ወቅት ነው። ሜይቤል ካርተር በአውራ ጣቷ በወፍራሞቹ የጊታር ክሮች ላይ ዜማውን እየመታች በሌሎቹ ጣቶቿ ታጅበው ነበር፤ ይህ አጨዋወት ከቅጂዎቹ እየተቀዳ በብዙ ጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ተስፋፋ።

የክፍያው ሥርዓት በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ለአንድ ዘፈን 50 ዶላርና ከሽያጭ የሚታሰብ ድርሻ ይከፈል ነበር፤ ፒር ግን ዘፈኖቹን በአሳታሚነት በማስመዝገብ የራሱን ጥቅም ያስጠብቅ ነበር። ጥቅሙን ያገኘው ስሙ በመዝገብ የሰፈረው ሰው ነው። ኤ.ፒ. ካርተር ዘፈን ፍለጋ በየመንደሩ ሲዘዋወር ግጥሙን በወረቀት ያሰፍር ነበር፤ ዜማውን በጆሮው ይዞ የሚመለሰው ግን ጥቁር አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሪድል ነበር። የሪድል ስም በሸክላዎቹ ላይ አልተጻፈም። ኩባንያዎቹ ሸክላዎችን በገዢው ዘር ለይተው ይሸጡ ስለነበር፣ በተራሮቹ አካባቢ በጋራ ያደገው ሙዚቃ በገበያው ላይ ሁለት የተለያየ ሙዚቃ መስሎ ታየ። ባንጆ ራሱ መነሻው አፍሪካ መሆኑ እንኳ ለብዙ ጊዜ ተዘንግቶ ነበር።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ የሸክላ ሽያጭ ሲወድቅ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። በ1952 ሃሪ ስሚዝ ከግል ስብስቡ የመረጣቸው 84 ቅጂዎች በፎክዌይስ ኩባንያ በድጋሚ መታተማቸው ሙዚቃውን ለአዲስ ትውልድ አደረሰው። በ1928 የተቀረጸው ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1963 የተገኘው በራሱ ዘፈን የመኖሪያ ቀየውን ስም በመጥራቱ ነው፤ አድናቂዎቹ ስሙን ይዘው ቢሄዱ በሕይወት አገኙት። የብሪስቶል ቅጂዎች በ2002 በአሜሪካ ብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገብ እንዲካተቱ ተመርጠዋል።

እነዚህን ቅጂዎች ለፊልም፣ ለትምህርት ወይም ለሬዲዮ ዝግጅት መጠቀም የሚሹ ወገኖች የመብት ዘመናቸውን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። በአሜሪካ በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1923 በፊት የታተሙ የድምፅ ቅጂዎች ጥበቃ በ2022 መግቢያ ላይ አብቅቷል። ከ1923 እስከ 1946 የታተሙት ለ100 ዓመት ይጠበቃሉ። በመሆኑም በብሪስቶል ተቀርጸው በ1927 ለገበያ የቀረቡት ነፃ የሚሆኑት በጃንዋሪ 1 ቀን 2028 ነው። የግጥምና የዜማው መብት ከድምፅ ቅጂው የተለየ በመሆኑ ለብቻው ይጣራል። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን፣ የከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩን መብቶች ለየብቻ ይደነግጋል። ለማዳመጥ ብቻ የሚፈልጉ ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ ካቀረባቸው የቆዩ የቪክተር ቅጂዎች ያለ ክፍያ መጠቀም ይችላሉ።