ኤችአይቪና የአስኳሉ ተከላካይ

ኢንተርፌሮን በቫይረስ የተጠቃ ሕዋስ ጎረቤቶቹን የሚያስጠነቅቅበት ፕሮቲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን አገኙት። ማስጠንቀቂያው የደረሰው ሕዋስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረ-መሎቹን ያነቃል። ከእነዚህ ከሚመረቱት ፕሮቲኖች አንዱ አይኤፍአይ16 ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚገኘው ኒውክለስ በሚባለው የሕዋሱ አስኳል ውስጥ ነው።

አስኳሉ የሰውዬው የራሱ ዲኤንኤ የሚቀመጥበት ስፍራ ስለሆነ እንግዳውን ከባለቤቱ መለየት ቀላል አይደለም። አይኤፍአይ16 የዘረ-መሉን ጽሑፍ አያነብም፤ በዲኤንኤው ላይ እየተንሸራተተ መሰሎቹን ያገኝና ሰንሰለት ይሠራል። ለሰንሰለቱ ረዘም ያለ ያልተሸፈነ ዲኤንኤ ያስፈልጋል። የሰው ዲኤንኤ ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ስለሚኖር በመካከል የሚተርፈው ክፍተት አጭር ነው። ወደ አስኳሉ ገና የገባው የሄርፐስ ቫይረስ ዲኤንኤ ግን ራቁቱን ነው።

አይኤፍአይ16 ኤችአይቪ ላይ ሌላም ስልት አለው። ቫይረሱ ዘረ-መሉን ከሰው ዲኤንኤ ጋር ካዋሐደ በኋላ ለመባዛት ኤስፒ1 የተባለ የሰው ፕሮቲን ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አይኤፍአይ16 ይህንኑ ኤስፒ1 ይዞ እንደሚያስቀር አሳየ። ኢትዮጵያን የሚመለከተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ የአገሪቱ ወረርሽኝ በአመዛኙ ሲ የተባለው የኤችአይቪ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ናሙና የተገኘ የሲ ቫይረስ ሙሉ የዘረ-መል ቅደም ተከተልም ከአሥር ዓመት በኋላ ታትሟል። ሲ በኤስፒ1 ላይ ያለው ጥገኝነት አነስተኛ በመሆኑ ከተከላካዩ በቀላሉ ያመልጣል። ዝርያው የተስፋፋው በዚህ ብቻ ነው ማለት ግን ችኮላ ይሆናል።

ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ቫይረሱ አዳዲስ ሕዋሳትን እንዳይወር ይከለክላል እንጂ ከዲኤንኤው ጋር የተዋሐደውን ዘረ-መል አይነቅልም። ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ከሚወጡት ሕሙማን መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል መናገራቸው ለብዙዎች ትልቅ እፎይታ ነበር። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በአስኳሉ ያንቀላፋው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይነሣል።

በቤተ ሙከራ አይኤፍአይ16 ሲቀነስ ያንቀላፋው ቫይረስ በብርቱ ይነቃል። ስለዚህ ቫይረሱን ቀስቅሶ ለማጥፋት ለሚሞክሩ ተመራማሪዎች ይህ ተከላካይ እንቅፋት ሲሆን፣ ለዘለቄታው አስተኝቶ ለማቆየት ለሚያስቡት ደግሞ ረዳት ነው።