“እንኳን ደስ አለዎት!” ያለው ድምፅ... የቡና ሻጯን ብር ይዞ ጠፋ!

ዛሬ የማወጋችሁ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር የደረሰ ጉድ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም። የኔም እጅ አለበት!

መንገድ ዳር ጀበና ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ጎረቤት አሉኝ። አንድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ሁለተኛውን ሲኒ ስጠጣ ስልካቸው ጮኸ።

“ባገ ገመዳን!” አለ ደዋዩ። እንኳን ደስ አለዎት ማለቱ ነው። ኦሮምኛው የሰፈራችን ልጅ ያስመስለዋል፤ “አዴ፣ አዴ” እያለ ያከብራቸዋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚደውልና 50,000 ብር ዕጣ እንደወጣላቸው ነገራቸው። “አሁን ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣልዎታል፤ ያንብቡልኝ። ስልኩን እንዳይዘጉ፣ ለማንም እንዳይናገሩ!”

እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ስልኩን ወደኔ ዘረጉት። እኔም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው! ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቃቸው፤ ሰጡት። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ለልጃቸው ትምህርት ያጠራቀሙት 6,400 ብር ድራሹ ጠፋ። መልሰን ብንደውል... ስልኩ ዝግ ነው!

“አንተ የተማርከው እያለህ?” አላሉኝም። ዝም ብለው ሦስተኛውን ቀዱልኝ። እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ለመሆኑ ያ ቁጥር ምን ነበር? ሌባው የሴትዮዋን ሒሳብ በራሱ ስልክ ሊከፍት ሲሞክር፣ “የከፈተው ባለቤቱ ነወይ?” ብሎ ለማረጋገጥ የሚላክ ቁጥር ነው። እሱን ማንበብ የቤትን ቁልፍ በመስኮት ለሌባ ማቀበል ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ዱሮ “ይህን ደብዳቤ ገልብጠህ ለሰባት ሰው ካልሰጠህ መዓት ይወርድብሃል” የሚል ወረቀት ይዞር ነበር። ዛሬ ያው መዓት በቴሌግራም ይመጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም ሥራ ሲጀምሩ ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ገባ፤ ሌባውም ተከትሎ ገባ። አንዱ በተስፋ፣ ሌላው በፍርሃት ይመጣል። የሁሉም መሣሪያ ግን አንድ ነው፦ ማጣደፍ! እንድታስቡና ሰው እንድታማክሩ ጊዜ አይሰጧችሁም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ዕጣ ላልቆረጠ ዕጣ አይወጣለትም።

2. የሚስጥር ቁጥርንም ሆነ በመልእክት የመጣን ማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትናገሩ፤ “ሠራተኛ ነኝ” ቢልም! ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ደውሉ። የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው።

3. “በስህተት ብር ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ” የሚል ቢመጣ መልእክቱን አትመኑ። መጀመሪያ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ተመልከቱ።

4. በየቀኑ ብር የሚቆርጥ የአጭር ቁጥር መልእክት ከበዛባችሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል “ስቶፕ” ብላችሁ ወደዚያው ቁጥር ላኩ።

5. ሕግም አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ አንቀጽ 15፣ ማንነቱንና አድራሻውን ሳይገልጽ፣ “አልፈልግም” የሚባልበትንም መንገድ ሳይሰጥ፣ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ የሚያሰራጭን ያስቀጣል።

6. ከተበላችሁ አትፈሩ! ወዲያው ደውላችሁ ሒሳቡን አሳግዱ። መልእክቱንና የደዋዩን ቁጥር ሳታጠፉ ለፖሊስ አመልክቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ለኛ፣ ለምናነበው። እናቶቻችን ስልካቸውን የሚዘረጉልን አምነውን ነው። ቁጥሩን ከማንበባችን በፊት “ማነው የጠየቀዎት?” እንበል። እኔ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የልጁ ደብተር መግዣ ዛሬም ነበረ።

ባለፈው ሰሞን የሴትዮዋ ስልክ እንደገና ጮኸ። “ባገ ገመዳን!” አለ አንዱ። ሴትዮዋ እኔን ቀና ብለው አዩኝ፤ አፌን ሳልከፍት ራሳቸው ዘጉት።

ቸር እንሰንብት!