ፊቴን በሎሚ ያቃጠልኩ ጊዜ፦ ለወዛም ፊት የሚሆነውና የማይሆነው

ሰናኢያ አርብ ሲሆን ጋራዡም የእንጨት ቤቱም ስለሚዘጋ ትንሽ ጸጥ ይላል። የዕረፍት ቀን ያገኘን እህቶች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ቡና እናፈላለን። እኔ ድሮ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁን በበጎ ፈቃድ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ሕመም ለሚጠይቁኝ እህቶች የማውቀውን እነግራለሁ። ግን ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ይሄን ፊቴን ምን ላድርገው?»

አንዳንድ ሰው ይሄ የቅንጦት ጥያቄ ይመስለዋል። እኔ ግን በፊቴ ምክንያት ሥራዬን ላጣ ነበርና አልስቅም።

ሪያድ ስመጣ 21 ዓመቴ ነበር። በጋው ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከምድጃው ሙቀት ወደ ኤሲው ብርድ፣ ከኤሲው ወደ ጣራ፣ ቀኑን ሙሉ ሻሽ እንደታሰረ ነው። ፊቴ ድሮም ወዛም ነው፤ እዚህ ሲመጣ ግንባሬና አገጬ ብጉር በብጉር ሆነ። አንድ ቀን ማዳም እንግዳ ፊት «ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ» አለችኝ። ታጥቤ ነበር።

ያን ሌሊት የሰማሁትን አደረግሁ። ፊቴን በሎሚ አሸሁት፣ ቀጥዬ በቤኪንግ ሶዳ ፈተግሁት። «ካቃጠለሽ እየሠራ ነው» ተብዬ ነበርና ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጣራ ላይ ምንጣፍ ሳጥብ ዋልኩ። ማታ ጉንጬ ቀልቶ ውሃ ቋጠረ።

ማዳም ስታየኝ ተላላፊ በሽታ መሰላት። ሕፃኑን ከእጄ ወሰደች፣ ሳህኔን ለየች፣ «ወደ ቢሮ እመልስሻለሁ» አለች። እኔም ያደረግሁትን መናገር ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን እያለቀስኩ ነገርኳት፤ ወደ መስተውሰፍ ወሰደችኝ። ሐኪሙ አይቶኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ለይሙን?» ብሎ ነው። ለካ እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። ቁስሉ ቶሎ ዳነ፤ ጥቁር ምልክቱ ግን ስድስት ወር ያህል አብሮኝ ኖረ።

ለምን አቃጠለኝ?

ቆዳችን በተፈጥሮው ትንሽ አሲድነት አለው። ሎሚ ከዚያ እጅግ የበለጠ አሲድ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁለቱም የቆዳውን መከላከያ ያፈርሳሉ። በዚያ ላይ የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ሲድን ያጠቁራል። ለማጥራት ብለሽ የቀባሽው ያጠቁርሻል ማለት ነው።

እነዚህንም ፊትሽ ላይ አታድርጊ፦

- ፌጦና ነጭ ሽንኩርት። አገር ቤት ለማድያት እየተባለ ይቀባል፤ ቆዳ ይልጣል።
- የጥርስ ሳሙና። ብጉሩን ያደርቃል ይባላል፤ ዙሪያውን ግን ያቆስላል።
- ቅቤና የኮኮናት ዘይት። ለፀጉር ጥሩ ናቸው፤ ወዛም ፊት ላይ ግን ቀዳዳውን ይደፍናሉ።
- ስኳር ወይም ጨው እያሹ መፈተግ። ብጉሩን ይበልጥ ያስቆጣዋል።
- የልብስና የዕቃ ሳሙና። ለጨርቅና ለሳህን የተሠራ ነው።

በረኪና የነካ እጅም ፊት መንካት የለበትም። ስታጸጂ ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በጭራሽ አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

እሺ፣ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ወዝ ቆሻሻ አይደለም። ከቆዳ ሥር ያሉ ዕጢዎች የሚሠሩት ነው፤ መጠኑን የሚወስነው በአብዛኛው ሆርሞንና ዘር ነው። ፈትገሽ አታጠፊውም፤ ግን ማለስለስና መቆጣጠር ይቻላል።

ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ በሆነ የፊት ሳሙና ታጠቢ። በመሃል ሲያልብሽ በንጹሕ ውሃ ብቻ ተለቅለቂ። ፊትሽን ለብቻው በያዝሽው ንጹሕ ፎጣ እየነካካሽ አድርቂ፣ አትሺው። ሻሽሽንና የትራስ ልብስሽን ቶሎ ቶሎ እጠቢ፤ ላብ የጠጣ ሻሽ ግንባር ላይ ሲፋተግ ብጉር ያመጣል።

በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ከእነዚህ አንዱን ማድረግ ትችያለሽ፦

1. አጃና እርጎ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የላመ አጃ (እዚህ ሹፋን የሚሉት) ጣዕም ከሌለው እርጎ (ዘባዲ) ጋር ለውሺ። 10 ደቂቃ አቆይተሽ ሳትፈትጊ ታጠቢ። የተቆጣ ቆዳ ያበርዳል።
2. ማር። ንጹሕ ማር በስሱ ቀብተሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆይተሽ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ።
3. ኪያር። ስሙ በአረብኛም ያው ነው። ከፍሪጅ አውጥተሽ በስሱ ቆርጠሽ ፊትሽ ላይ አኑሪ። ብጉር አያጠፋም፤ ከምድጃ ሥራ በኋላ ግን ፊት ያቀዘቅዛል።

የትኛውንም ከመቀባትሽ በፊት ከጆሮሽ ኋላ ወይም ክንድሽ ላይ ትንሽ ሞክረሽ አንድ ቀን ጠብቂ። ካሳከከሽ ወይም ከቀላ ተዪው። የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚባለው ውሸት ነው፤ ሎሚም የተፈጥሮ ነው።

አንድ ምክር ደግሞ ከልቤ፦ ከማዳም ፍሪጅ ማርም እርጎም ሳታስፈቅጂ አትውሰጂ። «ሰረቅሽ» ለመባል አንድ ማንኪያ ማር ይበቃል። ወይ ጠይቂ፣ ወይ የራስሽን ትንሽ ዕቃ ግዢና ለብቻው አስቀምጪ። ከሌለሽም አትጨነቂ፤ ከሁሉም የሚበልጠው አዘውትሮ በልኩ መታጠብ ነው።

ስም የሌለው ክሬም

በየገበያውና በየስልኩ «በሳምንት ያቀላል፣ ብጉር ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጥ ክሬም አለ። የሠሪው ስምና የተሠራበት ነገር ያልተጻፈበትን አትግዢ። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለበት፤ በአረብኛ ዚእበቅ ይባላል። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። አገሮች እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረሙት የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለበትን ማቅሊያ ለመከልከል ተስማምተዋል፣ ግን አሁንም ተደብቆ ይሸጣል። «ወርቅና ብር አያስነኩ» የሚል ከተጻፈበት ተጠራጠሪ። ካንቺም አልፎ በእጅሽና በፎጣሽ ወደምታቅፊው ሕፃን ይደርሳል።

ሌላው ኮርቲዞን ያለበት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፊት ያምራል፤ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ራሱ ብጉር ያወጣል፣ ሲተዉት ደግሞ ፊት እሳት ይሆናል። ለወራት ተቀብተሽ ከሆነ ብቻሽን አትታገዪ፤ ክሬሙን ይዘሽ ሐኪም አሳዪ።

ከዚያ ይልቅ ፋርማሲ ገብተሽ «በሽራ ዱህኒያ» (ወዛም ቆዳ) ወይም «ሀብ ሸባብ» (ብጉር) ብለሽ ንገሪ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባሉት ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሰጡ የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው። በትንሹ ጀምሪ፤ ለውጡን ለማየት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ታገሺ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ፎጣና ሻሽ ያነጣል፣ ተጠንቀቂ። እርጉዝ ከሆንሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

መታከም መብትሽ ነው

ቁስሉ ውሃ ከቋጠረ፣ መግል ከያዘ፣ ዓይንሽ አጠገብ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለሽ የቤት ነገር ተዪ። 937 የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር ስልክ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ምክር ይሰጣል። ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ አምቡላንስ 997 ነው። በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት የሐኪም ወረቀት ይዘሽ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለሽ፤ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት አለሽ። አሠሪሽ አላሳክምም ካለች ወይም ካለ፣ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። የቁስሉን ፎቶ ከነቀኑ ስልክሽ ውስጥ አስቀምጪ።

ለማዳም እንዴት ልንገር ለምትዪ፣ እኔን የረዳኝ እውነቱን ባጭሩ መናገር ነው፦ «ይሄ ተላላፊ አይደለም፣ ተቀብቼ አቃጥሎኝ ነው፣ ሐኪም ልይ።» ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ባልል ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰብኝ።

ባለፈው አርብ አንዲት ልጅ ሎሚ በፌስታል ይዛ መጣች፣ «ለፊቴ ነው» አለች። ተቀበልናትና ሰላጣው ላይ ጨመቅነው።