የኮምፒዩተር ሥራ ወደ ባንጋሎር የሄደበት ምክንያትና የሕንድ የቴክኒክ ትምህርት

አንድ ድርጅት ከሥራው ከፊሉን ለሌላ በውል ሰጥቶ ማሠራቱ የቆየ ልማድ ነው። ልብስ ሰፊ ቁልፉን ከገበያ ይገዛል፤ መጽሐፍ አሳታሚም የራሱ ማተሚያ ቤት ላይኖረው ይችላል። ባለፉት አርባ ዓመታት ልዩ ሆኖ የታየው ግን በውል የሚሰጠው ሥራ የአእምሮ ሥራ መሆኑና ተቀባዩም ከውቅያኖስ ማዶ የሚገኝ መሆኑ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ፣ የድረ ገጽ ንድፍ ማውጣት፣ የባንክን ሒሳብ በኮምፒዩተር መያዝና ይህን የመሳሰለው ተግባር መርከብም ወደብም አይጠይቅም፤ የተሠራው ነገር በሽቦ ወይም በሳተላይት ይተላለፋል። በዚህም የተነሣ የሠራተኛ ደመወዝ ከፍ ባለባቸው አገሮች፣ በተለይም በአሜሪካ የሚገኙ ድርጅቶች ሥራውን በአነስተኛ ወጪ ወደሚሠራበት ስፍራ ማስተላለፍን መረጡ።

ይሁንና የደመወዝ ማነስ ብቻውን ነገሩን አያብራራም። በ1980ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደመወዝ ዝቅተኛ የሆነባቸው አገሮች እጅግ ብዙ ነበሩ። ሥራው ከእነዚያ ሁሉ መካከል ሕንድን፣ በሕንድም ውስጥ ባንጋሎርን የመረጠበት ምክንያት በአመዛኙ የሚገኘው በትምህርት ታሪክ ውስጥ ነው።

በባንጋሎር ከ1909 ጀምሮ የሕንድ ሳይንስ ተቋም ነበር። አገሪቱ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላ መንግሥት በካራግፑር በ1951 የመጀመሪያውን ከፍተኛ የቴክኖሎጂ ተቋም አቋቋመ። ከ1958 እስከ 1961 ባለው ጊዜ በቦምቤይ፣ በማድራስ፣ በካንፑርና በዴልሂ አራት ተጨመሩ። ለቦምቤዩ ሶቪየት ኅብረት፣ ለማድራሱ ምዕራብ ጀርመን፣ ለካንፑሩ አሜሪካ፣ ለዴልሂው ብሪታንያ እርዳታ መስጠታቸው አንዱን ኃያል በሌላው የማመዛዘን ብልሃት ነበር። የተቋማቱ ዓላማ ለግድቦች፣ ለብረታ ብረት ፋብሪካዎችና ለባቡር ሐዲዶች መሐንዲስ ማፍራት እንጂ ለውጭ አገር ባንክ ፕሮግራም መጻፍ አልነበረም። በ1963 ካንፑር ኮምፒዩተር አስገብቶ ለተማሪዎች ትምህርት መስጠት ሲጀምር፣ ትምህርቱ ከአርባ ዓመት በኋላ ምን እንደሚያስገኝ በእቅድ የያዘ ሰው ነበር ለማለት አይቻልም። ለብዙ ዓመታትም በመንግሥት ገንዘብ የተማሩት ምሩቃን ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ በመፍለሳቸው ተቋማቱ ለባዕድ የሚያስተምሩ ናቸው ተብለው ተወቅሰዋል።

በ1973 የወጣው የውጭ ምንዛሪ ሕግ የውጭ ኩባንያዎች የባለቤትነት ድርሻቸውን እንዲቀንሱ ስላስገደደ፣ አይቢኤም በ1978 ሕንድን ለቆ ወጣ። የሕንድ ባለሙያዎች የልዩ ልዩ አምራቾችን መሣሪያ እያጠኑ ራሳቸው መጠገንና ማዛመድ ግድ ሆነባቸው። በ1968 የተመሠረተው የታታ አማካሪ ድርጅትና በ1981 ሰባት መሐንዲሶች ያቋቋሙት ኢንፎሲስ የውጭ ሥራ የያዙት በዚህ ዘመን ነው። በመጀመሪያ ወደ ሕንድ የመጣው ሥራው አልነበረም፤ ሰው ነበር ወደ ሥራው የሚላከው። መሐንዲሱ አሜሪካ ሄዶ በደንበኛው ቢሮ ተቀምጦ ይሠራል፤ ሲጨርስም ይመለሳል። ይህን ልማድ የለወጠው የመገናኛ መሥመር ነው። በ1985 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በባንጋሎር የንድፍ ማእከል ከፍቶ በሳተላይት ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ተገናኘ። የመሣሪያው ክፍሎች ወደ ማእከሉ የተጓዙት በበሬ በሚጎተት ጋሪ እንደነበር ዛሬም ይነገራል። በ1991 መንግሥት የመገናኛ መሥመርና የቀረጥ ነጻ መብት ያላቸው የሶፍትዌር መንደሮችን ሲያቋቁም ትናንሽ ድርጅቶችም በዚሁ መንገድ ለመሥራት ቻሉ።

ከዚያ የ2000 ዓመት ችግር መጣ። የቀድሞ ፕሮግራሞች ዓመተ ምሕረትን በሁለት አኃዝ ብቻ ስለሚመዘግቡ፣ 00 ሲደርስ ኮምፒዩተሩ 1900 ነው ብሎ እንዳይሳሳት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሥመሮችን አንድ በአንድ ማረም አስፈለገ። ሥራው አሰልቺና ትዕግሥት የሚፈትን ነበር፤ ሊሠራው የሚችል በቂ ሰው ግን አሜሪካ ውስጥ አልተገኘም። የሕንድ ድርጅቶች ተቀበሉት፤ ከደንበኞቻቸው ጋርም በዚያው ተዋወቁ። የሰዓት ልዩነቱም አገዘ፤ በክረምታቸው ወራት ባንጋሎር ከኒው ዮርክ በአሥር ሰዓት ተኩል ስለምትቀድም፣ አሜሪካዊው ማታ ትቶት የሄደውን ጉድለት ጠዋት ታርሞ ያገኘዋል።

ይህን ሁሉ ሠራተኛ ያቀረቡት ታላላቆቹ ተቋማት ብቻ አይደሉም፤ የእነርሱ ምሩቃን በቁጥር ጥቂት ነበሩ። አብዛኛው የወጣው በደቡብና በምዕራብ ሕንድ እንደ አሸን ከፈሉት የግል የምሕንድስና ኮሌጆች ነው። ኮሌጆቹ ከትምህርት ክፍያ ሌላ ለመግቢያ ብቻ ብዙ ገንዘብ ይጠይቁ ስለነበር፣ የባንጋሎር ክፍለ ሀገር የሆነችው ካርናታካ በ1984 በሕግ ከለከለች፤ በ1992ም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕገ ወጥ መሆኑን ወሰነ። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም። በ2005 የማኪንዚ ድርጅት ያወጣው ጥናት ከሕንድ የምሕንድስና ምሩቃን ለዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ሥራ ብቁ የሆኑት ከአራት አንዱ ያህል ብቻ እንደሆኑ ገመተ። ኢንፎሲስ በማይሶር ሰፊ የማሠልጠኛ ቅጥር ሠርቶ አዲስ ተቀጣሪዎቹን ለወራት እንደገና ማስተማሩ ኮሌጆቹ ያጎደሉትን ለመሙላት ነው።

የትምህርት እቅድ አውጪ ሌላም አኃዝ ሊዘነጋ አይገባውም። የሶፍትዌር መንደሮቹ በተቋቋሙበት በ1991 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ ዕድሜያቸው ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕንዳውያን ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 52 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ላይኛው እርከን የተገነባው መሠረቱ ሳይጠናቀቅ ነው። ወደ ባንጋሎር የገባው ገቢ ይህን ዕዳ ከፍሏል ብሎ መደምደም አስቸጋሪ ነው፤ የመስታወት ሕንፃዎቹን የሚያጸዱትና የሚጠብቁት ሰዎች ልጆች ወደ እነዚያ ሕንፃዎች የሚገቡበት በር ጠባብ ነበር።

በአሜሪካ ጉዳዩ በ2004 የምርጫ መከራከሪያ ሆነ። የፕሬዚዳንቱ የኢኮኖሚ አማካሪ ግሪጎሪ ማንኪው ሥራን ወደ ውጭ ማስተላለፍ አዲስ የዓለም አቀፍ ንግድ ዓይነት ነው ማለታቸው ከሁለቱም ፓርቲዎች ቁጣ አስነሣባቸው። ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው በ2006 የኢኮኖሚክስ ሊቁ አላን ብላይንደር ያቀረቡት ሐሳብ ነው። እርሳቸው እንዳሉት አንድን ሥራ ከአገር የሚያስወጣው የሚጠይቀው ትምህርት ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን፣ ጥራቱ ሳይቀንስ በሽቦ መተላለፍ መቻሉ ነው። የታክሲ ነጂ ሥራ ውቅያኖስ አይሻገርም፤ ራጅ የሚያነብ ሐኪም ሥራ ግን ሊሻገር ይችላል።

በመጋቢት 2023 በተፈጸመው የበጀት ዓመት የሕንድ የኮምፒዩተር አገልግሎት ኤክስፖርት ወደ 194 ቢሊዮን ዶላር፣ የሠራተኛውም ቁጥር ወደ 5.4 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን ከታላላቆቹ ድርጅቶች የሦስቱ ሠራተኛ ቁጥር ቀነሰ። ለዚህ የገበያው መቀዝቀዝ አንድ ምክንያት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች መስፋፋታቸው ሥጋት አሳድሯል። ሥጋቱ ይበልጥ የሚከብደው በጀማሪዎች ላይ ነው፤ መሣሪያው ቀድሞ የሚይዘው ወጣት ምሩቃን ሙያውን የሚለማመዱበትን ቀላል ሥራ ነውና።

የሕንድ መምህራን በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ሲያስተምሩ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ አንባቢዎች ጥቂት አይደሉም። በ2024 ኢትዮጵያ ከተባበሩት የአረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ዜጎችን በፕሮግራም ጽሑፍና በተዛማጅ ሙያዎች ለማሠልጠን የሚያስችል መርሐ ግብር ከፍታለች። ሥልጠናው የሚሰጠው በአጫጭር ኮርሶች ነው። የባንጋሎር ድርጅቶች በበኩላቸው አዲስ ሠራተኛ ሲመርጡ የኮምፒዩተር ምሩቃንን ብቻ አልተቀበሉም፤ የሲቪልና የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎችንም ይቀጥሩ ነበር። በመግቢያው ፈተና የሚጠይቁት ሒሳብን፣ አመክንዮንና የእንግሊዝኛ ቋንቋን ሲሆን፣ ፕሮግራም መጻፉን ራሳቸው ያስተምሩ ነበር።